በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ዓይነት ባቡር

የምድር ባቡር ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በሎኮሞቲቩ ጉልበት፣ በፍጥነቱና በባለቤቶቹ ስም ነው። በዚህ ዓይነት የተጻፉትን መጻሕፍት የሚያነብ ሰው ድልድዩ በራሱ የቆመ፣ ዋሻው በራሱ የተፈለፈለ፣ በተሳፋሪው ፊት የተቀመጠውም ሻይ ማንም ሳያፈላው የፈላ ይመስለዋል። የተጓዡ ድሎት በሰፊው ሲተረክ ድሎቱን ያስገኘው እጅ ግን ከመጋረጃ በስተጀርባ ይቀራል። በባሕር ዳርቻ እየኖሩ በንግድ ከተማ የሚነግዱ ከበርቴዎች በየዕለቱ ይመላለሱባቸው የነበሩት የእንግሊዝ አገር የድሎት ባቡሮች ታሪክ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

ከእነዚህ ባቡሮች መካከል ስሙ ከሁሉ የገነነው በለንደንና በብራይተን ከተሞች መካከል ይሠራ የነበረው ነው። ርቀቱ 82 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ባቡሩ ይህን መንገድ በ60 ደቂቃ ይፈጽም ነበር። ኩባንያው ይኮራበት የነበረውም በዚህ 60 ደቂቃ ነበር። ለመሆኑ ይህ 60 ደቂቃ የማን ነበር? ዋጋውስ የተከፈለው ከማን ጉልበትና ከማን ዕድሜ ላይ ነው? ጥያቄውን ለመመለስ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ያሻል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብራይተን በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ኑሮዋ እያሽቆለቆለ የነበረ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ነበረች። ሪቻርድ ራስል የተባለ ሐኪም በባሕር ውሃ መታጠብ፣ እንዲያውም ውሃውን መጠጣት ለጤና ይበጃል ብሎ ካስተማረ በኋላ የመኳንንቱ እግር ወደዚያች ሰፈር አቀና። ኋላ ጆርጅ 4ኛ ተብሎ የነገሠው ልዑል ደግሞ በሕንድ አሠራር ጉልላት ያሸበረቀ ቤተ መንግሥት አሠራባት። መኳንንቱን ተከትሎ የመጣው የገንዘብ ነጋዴው ነው። ሐዲድ ከመዘርጋቱ በፊት እንኳ የለንደን የአክሲዮን ደላሎች ቤተሰባቸውን በብራይተን አኑረው በፈረስ ሠረገላ ወደ ገበያቸው ይመላለሱ እንደ ነበር፣ ለገጠሩ ድሃ ይቆረቆር የነበረው ዊልያም ኮቤት በ1830 በመጽሐፍ ባወጣው የገጠር ጉዞ ማስታወሻው ላይ በቁጣ አስፍሯል። እንግዲህ ፍላጎቱ ከባቡሩ ይቀድማል ማለት ነው። ገንዘቡን ጭስና ሕዝብ ከበዛበት ከተማ እያገኘ ንጹሕ አየር ካለበት ባሕር ዳር ማደር የሚሻ አንድ መደብ አስቀድሞ ነበረ፤ ባቡሩ ያደረገው ነገር ቢኖር ይህ መደብ በሠረገላ እየተንገላታ ያሳልፈው የነበረውን የግማሽ ቀን ጉዞ ጋዜጣ አንብቦ እስኪጨርስ ወደሚፈጸም ጉዞ መለወጥ ነው።

ሐዲዱ እስከ ብራይተን ድረስ ተሠርቶ የተከፈተው ሴፕቴምበር 21 ቀን 1841 ነው። መሐንዲሱ ጆን ራስትሪክ ይባላል፤ ስሙ በየመጽሐፉ ይገኛል። ተራራውን በዶማና በባሩድ የሰነጠቁት፣ አፈሩንም በእጅ ጋሪ እየገፉ ያወጡት በሺህ የሚቆጠሩ የቀን ሠራተኞች ስም ግን አይገኝም። እነዚህ ሰዎች ኡዝ በተባለው ወንዝ ሸለቆ ላይ ያቆሙት ድልድይ ብቻ 37 ቅስቶች አሉት፤ ርዝመቱ 450 ሜትር ያህል ሲሆን 11 ሚሊዮን ያህል ጡብ ፈጅቷል። ድልድዩ ዛሬም ባቡር ይሸከማል። የሠሩት ሰዎች አኗኗር ምን ይመስል እንደ ነበር ለማወቅ የፈለገ ደግሞ የዚያኑ አገር የፓርላማ መዝገብ ይመልከት። በዚያ ዘመን በልዩ ልዩ የሐዲድ ሥራዎች ላይ የተሰማራው ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ደመወዙን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በተቋራጩ ሱቅ ብቻ በሚሠራ ወረቀት ይቀበል ነበር፤ በተቋራጩ ሱቅ ደግሞ ዕቃው የተበላሸ፣ ዋጋው የናረ ነበር። ከወር እስከ ወር ደመወዝ ሳይከፈለው ቆይቶ በመካከሉ በዚያ ሱቅ ዕዳ ውስጥ የሚዘፈቀውም ብዙ ነው። በ1846 የተቋቋመው የፓርላማ መርማሪ ኮሚቴ ይህን ሁሉ በምስክር አረጋግጦ ማሻሻያ እንዲደረግ አመለከተ። ፓርላማው ሪፖርቱን ተቀበለ፤ ሕግ ግን አላወጣም። በዚያ ምክር ቤት ውስጥ የባቡር አክሲዮን የነበራቸው አባላት ቁጥር ቀላል እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም።

ሐዲዱ ሥራ ሲጀምር ተሳፋሪው በማዕረግ ተከፈለ። የ1ኛ ማዕረግ ተሳፋሪ በተዘጋና በተደላደለ ፉርጎ ይቀመጣል። የ3ኛ ማዕረጉ በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ጣራ በሌለው ፉርጎ፣ በዝናብና በሎኮሞቲቩ ብናኝ መካከል ይጓዛል። በ1844 የወጣ አንድ ሕግ አዲስ ፈቃድ የሚያገኝ ኩባንያ ሁሉ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ መቀመጫና ከዝናብ መከለያ ያለው ባቡር፣ ለአንድ ማይል ከ1 ፔኒ በማይበልጥ ዋጋ እንዲያስኬድ አስገደደ። ኩባንያዎቹ ይህን በጸጋ አልተቀበሉትም። ብዙ ሳይቆዩ ግን ነጋዴ ናቸውና ከድሃው ብዛት ትርፍ ሊገኝ እንደሚችል ተረዱ፤ በበዓልና በእሑድ ቀን በርካሽ ዋጋ የሚሳፈሩበት የሽርሽር ባቡር ማዘጋጀት ጀመሩ። የለንደን ሠራተኛ ባሕርን በዓይኑ ያየው በዚህ መንገድ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ግን ከ1845 በኋላ በብራይተን አላደረችም፤ ቤተ መንግሥቱም በ1850 ለከተማዋ ተሸጠ። ንግሥቲቱ ሕዝብ ማየት ሰልችቷት እንደ ነበር አልደበቀችም። ሕዝቡ ሲመጣ ዘውዱ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አንድ ደሴት መሄዱ በራሱ የሚያስፈግግ ነው።

የሽርሽሩ ባቡርና የሠራተኛው የሥራ ሰዓት የተገናኙበትን ቀን ግን ፈገግ ብሎ ማለፍ አይቻልም። ከብራይተን በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ክሌይተን የሚባል፣ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ዋሻ አለ። የሰሜኑ አፍ እንደ ጥንት ምሽግ ግንብና ማማ ተሠርቶለታል። ኦገስት 25 ቀን 1861፣ ዕለቱ እሑድ ነው፤ በዋሻው ደቡባዊ አፍ ላይ ተረኛ የነበረው የምልክት ሠራተኛ ሄንሪ ኪሊክ ይባላል። ኪሊክ በዚያን ቀን የያዘው ተራ 24 ሰዓት ነበር። ይህን ያደረገው በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ለማረፍ ሲል ነው። መደበኛው የእሑድ ተራ ስንት ነው ቢሉ፣ 18 ሰዓት ነው። አንባቢ ይህን ቁጥር ልብ ይበል።

በዚያ ጠዋት ሦስት ባቡሮች ከብራይተን ወደ ለንደን ተነሱ። ሁለቱ የሽርሽር፣ ሦስተኛው መደበኛ ባቡር ነበር። በደንቡ መሠረት በየባቡሩ መካከል 5 ደቂቃ መኖር ነበረበት፤ እነርሱ ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ28፣ 2 ሰዓት ከ31 እና 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ላይ ተለቀቁ። የመጀመሪያው ባቡር ሲያልፍ ራሱ ተመልሶ መንገዱን መዝጋት የነበረበት ምልክት ሳይመለስ ቀረ። የማስጠንቀቂያ ደወሉ ጮኸ። ኪሊክ ባቡር ወደ ዋሻው መግባቱን በሰሜኑ አፍ ላለው የሥራ ጓደኛው በቴሌግራፍ አስታውቆ ምልክቱን ለማስተካከል ሲጣደፍ ሁለተኛው ባቡር ደረሰበት። ቀይ ባንዲራ ይዞ አውለበለበ። ነጂው ያየለት አልመሰለውም፤ ባቡሩ ዋሻ ገባ። ኪሊክ ዋሻው ነፃ መሆኑን በቴሌግራፍ ጠየቀ። የሰሜኑ ሠራተኛ የመጀመሪያው ባቡር ሲወጣ አይቶ ነበርና ነፃ ነው ሲል መለሰለት፤ ጥያቄው ስለ ሁለተኛው ባቡር መሆኑን አላወቀም። ኪሊክ ሁለቱም የወጡ መሰለው። ለሦስተኛው ባቡር የማለፊያውን ነጭ ባንዲራ አሳየው።

የሁለተኛው ባቡር ነጂ ግን ቀዩን ባንዲራ አይቶት ኖሯል። ባቡሩን በጨለማው ውስጥ አቁሞ፣ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነበር። ሦስተኛው ባቡር በዋሻው ውስጥ ከኋላው ገጨው። 23 ሰዎች ሞቱ፤ 176 ቆሰሉ። ከሞቱት መካከል ከሎኮሞቲቩ በወጣ የፈላ ውሃና እንፋሎት የተቃጠሉ ነበሩበት። ከምርመራው በኋላ በሰው ግድያ ወንጀል የተከሰሰው ባቡሮቹን በአጭር ልዩነት የለቀቀው የብራይተን ጣቢያ ምክትል ሹም ሲሆን እርሱም በነፃ ተለቀቀ። አንድን ሰው 24 ሰዓት ሙሉ ሳይተኛ የሺህ ሰዎችን ሕይወት በባንዲራ እንዲጠብቅ ያስቻለው አሠራር ግን በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ አልቆመም።

አሠራሩን በመጨረሻ የለወጠው ምን ነበር? የባቡር ሠራተኞች በ1871 ማኅበር መሠረቱ፤ የሥራ ሰዓት ገደብም ከጥያቄዎቻቸው ዋነኛው ሆነ። አንድ ባቡር አንድን የሐዲድ ክፍል ለቆ ሳይወጣ ሌላው እንዳይገባ የሚከለክለው አሠራር በመንገደኛ ባቡሮች ላይ ግዴታ የሆነው በ1889 ነው። ለዚያውም አርማ በተባለች የአየርላንድ ከተማ አጠገብ ሌላ ከባድ አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው። የባቡር ሠራተኞችን ከልክ ያለፈ የሥራ ሰዓት የሚመለከተው ሕግ ደግሞ በ1893 ወጣ። ከኪሊክ ቀን እስከዚህ ሕግ ድረስ 32 ዓመታት አልፈዋል ማለት ነው።

በእነዚህ 32 ዓመታት ውስጥ በዚያው ሐዲድ ላይ ሌላ ዓይነት ዕድገት ይካሄድ ነበር። በ1875 ጆርጅ ፑልማን ከተባለው አሜሪካዊ ከበርቴ ኩባንያ የመጡ የድሎት ፉርጎዎች በብራይተን መስመር ላይ መሥራት ጀመሩ። በዲሴምበር 1881 ደግሞ ሁሉም ፉርጎዎቹ የፑልማን የሆኑ ሙሉ ባቡር ተዘጋጀ። ለፉርጎዎቹ የተሰጧቸው ስሞች ቢያትሪስ፣ ሉዊዝ፣ ሞድና ቪክቶሪያ፣ የልዕልታት ስሞች ነበሩ። ቢያትሪስ በተባለው ፉርጎ ውስጥ በዚያው ዓመት የኤሌክትሪክ መብራት በራ፤ በእንግሊዝ ምድር በኤሌክትሪክ የበራ የመጀመሪያው ፉርጎ እርሱ ነው። ሳይንስ እዚህ ላይ የሚመሰገን ሥራ ሠርቷል። ይሁን እንጂ ዓመቱን ከዓመት ጋር ማነጻጸር ይገባል፦ ለባለሀብቱ ጋዜጣ ማንበቢያ የኤሌክትሪክ መብራት በ1881 ሲገኝ፣ መንገዱን የሚጠብቅለት የምልክት ሠራተኛ ስንት ሰዓት ነቅቶ መቆም እንዳለበት የሚወስነው ሕግ ገና 12 ዓመት ይቀረው ነበር። የመጀመሪያው ከተሳፋሪው ኪስ የሚከፈል በመሆኑ ፈጠነ፤ ሁለተኛው ከአክሲዮን ድርሻ ላይ የሚቀነስ በመሆኑ ዘገየ።

ፑልማን የሚለው ስም በእንግሊዝ የድሎት መጠሪያ ሆኖ ቢቀርም፣ በተወለደበት በአሜሪካ ለሠራተኛው የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው። ሰውዬው በቺካጎ አጠገብ በራሱ ስም አንድ የሠራተኞች ከተማ ሠርቶ ነበር፤ ፋብሪካውም ቤቱም የእርሱ ነው። በ1890ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ደመወዝን ወደ ሩብ በሚጠጋ ሲቀንስ የቤት ኪራዩን ግን አልቀነሰም። በ1894 ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ፤ የባቡር ሠራተኞች ማኅበርም ፉርጎዎቹን አንነካም ብሎ ደገፋቸው። የአሜሪካ መንግሥት ጦር ላከ፤ ደም ፈሰሰ፤ የማኅበሩ መሪ ዩጂን ዴብስ ታሰረ። በፉርጎዎቹ ውስጥ አልጋ የሚያነጥፉትና ጫማ የሚወለውሉት ሠራተኞች ደግሞ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከመጀመሪያዎቹ ብዙዎቹ ከባርነት የወጡ ናቸው። ተሳፋሪዎች ስማቸውን ሳይጠይቁ ሁሉንም በኩባንያው ጌታ ስም "ጆርጅ" እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ባሪያ በጌታው ስም የሚጠራበት ልማድ በደንብ ልብስ ተሸፍኖ ቀጠለ ማለት ነው። እነዚህ ሠራተኞች በወር እስከ 400 ሰዓት ይሠሩ ነበር። በ1925 በፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ከ12 ዓመት ትግል በኋላ በ1937 ከኩባንያው ጋር የኅብረት ስምምነት ፈረሙ፤ የሥራ ሰዓታቸውም ወደ 240 ዝቅ አለ።

ወደ እንግሊዝ እንመለስ። በየዕለቱ ከባሕር ዳር ወደ ከተማ የመመላለሱ ልማድ ከሁሉ በላይ መልኩን ያሳየው ምናልባት በብራይተን ሳይሆን በሰሜን ነው። ማንቸስተር የጥጥ ፋብሪካዎች ዋና ከተማ ነበረች። ጭሱን የሚያስወጣው ባለፋብሪካና የጥጥ ነጋዴው ግን በዚያ ጭስ ውስጥ ማደር አይፈልግም፤ መኖሪያውን በብላክፑልና በአካባቢው ባሕር ዳርቻ አደረገ። በ1895 የዚያ አካባቢ ባቡር ኩባንያ ለእነዚህ ሰዎች የተለየ የክበብ ፉርጎ በባቡሮቹ ላይ ቀጠለላቸው። በዚህ ፉርጎ ለመሳፈር የ1ኛ ማዕረግ የረጅም ጊዜ ቲኬት መያዝ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ተጨማሪ መዋጮ መክፈልና በአባላቱ መመረጥ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ የራሱ ወንበር፣ ክበቡም የራሱ ደንብ ነበረው። በሕዝብ ሐዲድ ላይ የሚሄድ የግል ሳሎን ማለት ይህ ነው።

በዚያው ሐዲድ ላይ ግን በዓመት አንድ ሳምንት የሚሄድ ሌላ ባቡር ነበር። የጥጥ ከተሞቹ ፋብሪካዎች በየተራ በበጋ ለአንድ ሳምንት ይዘጋሉ፤ ከተማው እንዳለ፣ ፈታዩም ሸማኔውም ከነልጆቹ ወደ ብላክፑል ይነጉዳል። ለዚህ ሳምንት ደመወዝ የለም። ሰዎቹ ዓመቱን ሙሉ እንደኛ አገር ዕቁብ ሳንቲም በሳንቲም በቁጠባ ማኅበር እያጠራቀሙ ነው የሚሄዱት። ከእነርሱ መካከል የ12 ዓመት ልጆች ነበሩበት፤ በ1901 የወጣው ሕግ የፈቀደላቸው ግማሹን ቀን በትምህርት ቤት፣ ግማሹን በፋብሪካ እንዲያሳልፉ ነው፤ ይህ ግማሽ ቀን የሚባል የልጆች ሥራ እንዲቀር የተወሰነውም በ1918 ነው። ባለፋብሪካው ባሕሩን በዓመት ሦስት መቶ ጊዜ ሲያየው ክሩን የሚፈትለው ሠራተኛ ሰባት ቀን ያየዋል። በደመወዝ የሚከፈል ዕረፍት ለብዙው የእንግሊዝ ሠራተኛ መንገዱ የተከፈተለት በ1938 በወጣው ሕግ ነው፤ ይህም የሠራተኛ ማኅበራት ለብዙ ዓመታት ሲጠይቁት የኖሩት ነበር።

በብራይተን መስመር የድሎቱ ጫፍ የተነካው ኖቬምበር 1 ቀን 1908 "ሳውዘርን ቤል" የተባለው ባቡር ሥራ ሲጀምር ነው። ኩባንያው በዓለም ከሁሉ የላቀ የድሎት ባቡር ነው ብሎ አስታወቀ። ከፉርጎዎቹ ሁለቱ "ግሮቭነር" እና "ቤልግሬቪያ" ይባሉ ነበር፤ በለንደን ባለጸጎች ሰፈር ስሞች መሆኑ ነው። የደርሶ መልስ የአንድ ቀን ዋጋው 12 ሽልንግ ነበር። ይህ ገንዘብ ብዙ ነው ጥቂት? ሲቦም ራውንትሪ የተባለው ተመራማሪ በዮርክ ከተማ ድሆች ላይ ያደረገውን ጥናት በ1901 ሲያወጣ፣ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር ከረሃብ በላይ ሆነው ለመኖር በሳምንት የሚያስፈልጋቸው 21 ሽልንግና 8 ፔኒ ነው ብሎ አስልቶ ነበር። ለዚያውም ሥጋ የሌለበት ምግብ፣ ጋዜጣና የባቡር ቲኬት የማይገዛበት ኑሮ ነው። እንግዲህ አንድ ከበርቴ ለምሳ ብራይተን ደርሶ ሲመለስ ለአንድ መቀመጫ የሚከፍለው፣ አምስት ነፍስ ከግማሽ ሳምንት በላይ የሚያሳድር ገንዘብ ነው። ባቡሩ ከተጀመረ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በኦገስት 1911 የእንግሊዝ ባቡር ሠራተኞች በአገር አቀፍ ደረጃ የመጀመሪያውን የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ።

የድሎቱ ባቡር ግን እንደነበረ አልቆየም። በ1915፣ በጦርነቱ መካከል፣ በሳውዘርን ቤል ላይ የ3ኛ ማዕረግ የፑልማን ፉርጎ ተቀጠለ። ኩባንያው ልቡ ስለራራ አይደለም፤ ወንበሩን የሚሞላ ሰው ስለሚያስፈልገው ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1933 መስመሩ እስከ ብራይተን ድረስ በኤሌክትሪክ መሥራት ጀመረ፤ የድሎቱም ባቡር እያንዳንዳቸው አምስት ፉርጎ ባሏቸው ሦስት የኤሌክትሪክ ባቡሮች ተተካ። በ1934 ስሙ "ብራይተን ቤል" ተባለ። ግድግዳው ከልዩ ልዩ ቀለም እንጨት በተገጣጠመ ጌጥ ያሸበረቀ፣ በየጠረጴዛው ላይ መብራት፣ በየወንበሩ አጠገብ አስተናጋጅ መጥሪያ ደወል ያለው ነበር። ሆኖም ጌጡ ሲያምር አካሄዱ ያንገጫግጭ ነበርና ሻዩ ከስኒው እየፈሰሰ የተሳፋሪው መሳቂያ ሆነ። እውነቱን ለመናገር የ1933ቱ ሥራ ትልቁ ፍሬ ብራይተን ቤል አይደለም። በዚያው ቀን የጀመሩት ጭስ አልባ መደበኛ ፈጣን ባቡሮች ናቸው። ጸሐፊና ታይፒስት፣ የሱቅ ሠራተኛና አስተማሪ በየሰዓቱ የሚሳፈርበት ባቡር አገኘ። በባሕር ዳር አድሮ በከተማ መዋል የአክሲዮን ደላላው ብቸኛ መብት መሆኑ ያከተመው በዚህ ነው፤ በጌጣጌጥ ታሪክ ውስጥ ግን ይህ ለውጥ ከአንድ መስመር የዘለለ ቦታ አይሰጠውም።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948 የእንግሊዝ ምድር ባቡር የመንግሥት ንብረት ሆነ። ብራይተን ቤልም ከፑልማን ኩባንያ ጋር ቆይቶ በደረጃ ወደዚሁ ይዞታ ተዛወረ። በመጨረሻ ዓመታቱ የቲያትር ሰዎች ባቡር ነበር፤ ከለንደን መድረክ ወጥተው ማታ ወደ ብራይተን ይመለሱበታል። አስተዳደሩ ወጪ ለመቀነስ ብሎ በጭስ የደረቀ ዓሣ ከቁርስ ዝርዝር ሲሰርዝ ታዋቂው ተዋናይ ሎሬንስ ኦሊቪዬ ተቃውሞ አሰማ፤ ጋዜጦች ተቀባበሉት፤ ዓሣውም ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ለቁርስ የተደረገው ክርክር በጥቂት ጊዜ ሲያሸንፍ፣ ለሥራ ሰዓት የተደረገው 32 ዓመት መፍጀቱን ያየ ሰው ዓሣው ከሠራተኛው የተሻለ ጠበቃ ነበረው ቢል አይፈረድበትም።

አሮጌዎቹ ፉርጎዎች ሊታደሱ ወይም ሊተዉ ግድ ሲሆን የተመረጠው መተው ነው። ብራይተን ቤል ለመጨረሻ ጊዜ የሄደው ኤፕሪል 30 ቀን 1972 ነው። ፉርጎዎቹ ተሸጡ፤ ከእነርሱ መካከል ለመጠጥ ቤትና ለምግብ ቤት ማስፋፊያ የሆኑ አሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ ታድሰው ለሀብታም አገር ጎብኚዎች የሚያገለግል ባቡር አካል ሆኑ፤ ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ሌሎቹን ለቃቅሞ ባቡሩን መልሶ ለማቆም አንድ የወዳጆች ድርጅት ሲደክም ቆይቷል።

ከለንደን ቪክቶሪያ ጣቢያ እስከ ብራይተን ያለው ፈጣን ጉዞ ዛሬም ከ1908ቱ 60 ደቂቃ እምብዛም አይርቅም። በኤፕሪል 2016 በዚህ መስመር ላይ ረጅም ውዝግብ ተነሳ። ኩባንያው የባቡሩን በሮች የመዝጋት ሥራ ከተቆጣጣሪው ወስዶ ለነጂው ለመስጠት ወሰነ፤ የሠራተኞቹ ማኅበር ደግሞ ከነጂው ሌላ የደኅንነት ሥልጠና ያለው ሁለተኛ ሠራተኛ በእያንዳንዱ ባቡር ላይ መኖር አለበት ብሎ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አድማው እየቆመና እየቀጠለ ከዓመት በላይ ዘለቀ፤ በየቀኑ የሚመላለሰው ሠራተኛም በየጣቢያው ተንገላታ፤ ከፊሉ ማኅበሩን፣ ከፊሉ ኩባንያውን ረገመ። ክርክሩ በአንድ ባቡር ላይ ስንት ዓይን መኖር አለበት የሚል ነበር። በአድማው ቀን ሊንቀሳቀሱ የቻሉት ጥቂት ባቡሮች ከብራይተን ተነስተው ወደ ለንደን ያመሩት በክሌይተን ዋሻ ውስጥ አልፈው ነው።